ከጥቁሩ ድንጋይ ሥር ያለው ቀይ አፈር

በአብዮቱ ጊዜ ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ የሁለተኛ ዓመት የጂኦሎጂ ተማሪ ነበርኩ። ወደ ትውልድ ከተማዬ ወደ ዳባት ስመለስ ይዤው የመጣሁት አንድ መዶሻ፣ በክር አንገቴ ላይ የማንጠለጥላት ማጉያ መነጽርና የተራራውን ከፍታና ዝቅታ የሚያሳይ ካርታ ነበር። አባቴ መዶሻውን አይቶ ግንበኛ ሆነህ መጣህ ወይ አለኝ። ድንጋይ ነው የማጠናው ስለው፣ ድንጋይማ እዚሁ ሞልቶልህ አልነበር፣ ለዚህ ነው ወይ አዲስ አበባ ድረስ የላክሁህ ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ጊዜ ሲስቅ አላየሁትም።

ሥራ ፈትቼ መቀመጥ ስላልሆነልኝ ድንጋይ መልቀም ጀመርኩ። ከኮሶዬ ገደል አፋፍ አንስቶ እስከ ደባርቅ፣ መንገዱ ተራራውን የቆረጠበት ቦታ ሁሉ እየቆምኩ እፈልጥ ነበር። የኛ አገር ተራራ ከላይ እስከ ታች እሳት የወለደው ነው። በጥንት ዘመን ምድር ተሰንጥቃ የቀለጠ ዓለት እንደ ጎርፍ ፈሰሰ፤ ቀዘቀዘ፤ ጠቆረ። በላዩ ሌላ ጎርፍ መጣ፤ በሱም ላይ ሌላ። የስሜን ተራራ ማለት ይኸው የተደራረበ ጎርፍ ነው። አንዳንዱን ድንጋይ ስፈልጠው ከውስጡ እንደ በረዶ የሚያበራ ነጭ ማዕድን አገኛለሁ። ዓለቱ ሲቀዘቅዝ የታፈነው አየር የተወውን ቀዳዳ ውሃ ቀስ በቀስ እየሰረገ የሞላው ነው። የለቀምኩበት ቦታ እንዳይጠፋኝ በእያንዳንዱ ድንጋይ ላይ በነጭ ቀለም ቁጥር እጽፍና በጨርቅ ጠቅልዬ ከአልጋዬ ሥር አስቀምጣለሁ።

ያስያዘኝም ይኸው ነው። ከሰፈራችን በረሃ የገባ ልጅ ስለነበረ የቀበሌ ጥበቃዎች ቤት ለቤት ሲፈትሹ የኛም ቤት መጡ። አልጋዬን ገለበጡት። ቁጥር የተጻፈበት ድንጋይ፣ ካርታና መነጽር አንድ ላይ አገኙ። አባቴ ልጁ ተማሪ ነው እያለ ሲጠጋቸው ደረቱን በሰደፍ መቱት፤ ምድጃው አጠገብ በጀርባው ወደቀ። እኔን የፊጥኝ አስረው እየነዱ ወሰዱኝ። እናቴ ከኋላ እየተከተለች ስትለምናቸው እሰማ ነበር፤ ዞሬ እንዳላያት ግን ማጅራቴን ይመቱኛል።

ደባርቅ ለነበረው የጦር አዛዥ አስረከቡኝ። ሻምበል ነው፤ ወጣት፣ ቀጭን፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ሰው። ድንጋዮቼን ጠረጴዛው ላይ ደርድሯቸው አገኘሁት። አንዱን አንስቶ ቁጥሩ ምን ማለት ነው አለኝ። ያገኘሁበትን ቦታ ነው የሚያሳየው አልኩት።

"ምን ያገኘህበትን? መሣሪያ የተቀበረበትን?"

ድንጋዩን ራሱን ነው ስለው ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ መዶሻዬን አንስቶ ድንጋዮቹን ሲሚንቶው ወለል ላይ እያስቀመጠ ተራ በተራ ፈረካከሳቸው። ከአንዱ ውስጥ ነጩ ማዕድን ሲበተን ጎንበስ ብሎ ለቀመና አልማዝ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ዋጋ የሌለው ነገር ነው አልኩት። አላመነኝም። የአገር ሀብት ደበቀ የሚል ክስ በላዩ ተጨመረብኝ።

ወፌ ላላ የሚሉትን ያን ቀን አየሁት። እጄንና እግሬን አንድ ላይ ጠፍረው፣ በጉልበቴ ሥር አጣና አሳልፈው በሁለት ጠረጴዛ መካከል ዘቅዝቀው ሰቀሉኝ። ውስጥ እግሬን በጎማ ገረፉኝ። እንዳልጮህ አፌ ውስጥ የጠቀጠቁት ጨርቅ ድንጋዮቼን የጠቀለልኩበት ነበር፤ በቀለሙ ሽታ አወቅሁት። እየገረፉ ይጠይቁኛል፤ ጨርቁን ሲያወጡልኝ የምነግራቸው ያንኑ ነው። ሌላ የማውቀው ነገር ቢኖር ኖሮ እነግራቸው ነበር ብዬ ዛሬም አስባለሁ። እንዳልነግራቸው የጠበቀኝ ጀግንነት አልነበረም፤ የምናገረው ስላልነበረኝ ነው። ሲሰለቻቸው ተዉኝ። እግሬ መሬት መርገጥ እንደቻለ ካባ አወረዱኝ።

ካባው፣ ማለትም ድንጋይ የሚወጣበት ስፍራ፣ ከደባርቅ ወጣ ብሎ የሊማሊሞ ቁልቁለት ሊጀምር ሲል ነው። መንገዱ ለጦሩ መኪኖች የግድ ያስፈልጋል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ግን ሊማሊሞ መንገዱን ይበላዋል። ስለዚህ እስረኛው ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሲፈልጥ፣ ጠጠር ሲያደቅና ቀይ አፈር ሲቆፍር ይውላል። ዝግ ያለ ይገረፋል። የወደቀ ይረገጣል። አንድ ሽማግሌ ልባቸው ሲቆም ጠባቂው የተኙ መስሎት በእርግጫ ሲመታቸው አይቻለሁ፤ መሞታቸውን ካወቀ በኋላም አንድ ጊዜ መታቸው።

ከጎኔ ተቀምጦ ይፈልጥ የነበረው የጃናሞራ ገበሬ ነው። ትከሻው ሰፊ፣ ጎልማሳ፣ አነጋገሩ ዘገም ያለ። ታናሽ ወንድሙ በረሃ ስለገባ በወንድሙ ፋንታ እሱን እንደያዙት ነገረኝ። የመጀመሪያው ቀን እግሬን አይቶ ከጋቢው ጫፍ ቀደደና ጠመጠመልኝ። እኔ አያ እለው ነበር። እሱ አንተ ልጅ ይለኛል።

ምን አጥፍተህ መጣህ ሲለኝ በድንጋይ ነው አልኩት። ያሾፍኩበት መስሎት ነበር። በኋላ ነገሩን ሲረዳው ይጠይቀኝ ጀመር። የሚያደቀው ድንጋይ ከምን እንደተሠራ፣ የጃናሞራ አፈር አንዱ ማሳ ቀይ ሌላው ጥቁር የሆነው ለምን እንደሆነ። ጠዋት ጠዋት ውርጭ ወርዶ ድንጋዩ ላይ ነጭ ሆኖ እናገኘዋለን። ውሃው ማታ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ሲረጋ እንደሚያብጥ፣ ሲያብጥም ዓለቱን እንደሚሰነጥቀው ነገርኩት።

"እንግዲያ ከኛ ቀድሞ የሚፈልጥ አለ በለኛ" አለ።

ሌላ ቀን ክብ ክብ ሆኖ እንደ ሽንኩርት የሚላጥ ቡናማ ድንጋይ አሳየሁት። መዶሻ ሲያርፍበት አይጮህም፤ ድፍን ድምፅ ብቻ ይሰጣል፤ በጣት ሲጫኑት ይፈረፈራል። ዝናብና አየር ከውጭ ወደ ውስጥ እየበሉት የመጡት ድንጋይ ነው አልኩት። ዱቄቱን መዳፉ ላይ አድርጎ ለረጅም ጊዜ አየው። ድንጋይም ይሞታል በለኛ አለኝ። ከዚያ ጠባቂው ስለመጣ ዝም ብለን መፍለጥ ጀመርን።

የካባውን ገደል ልንገራችሁ፤ ካለሱ የሚቀጥለው አይገባም። ከታች ጠንካራ ጥቁር ዓለት አለ። በሱ ላይ የሰው ቁመት የማይሞላ ቀይ ንጣፍ አለ። በቀዩ ላይ ደግሞ እንደ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ከላይ እስከ ታች የተሰነጣጠቀ ወፍራም ጥቁር ዓለት ተጭኗል። ቀዩ ንጣፍ ድሮ እሱም ጥቁር ዓለት ነበር። ሁለተኛው የእሳት ጎርፍ ከመምጣቱ በፊት ለረጅም ዘመን ፀሐይና ዝናብ አበስብሰው አፈር አደረጉት፤ ከዚያ ትኩሱ ዓለት መጥቶ ተኛበት። በገደሉ አንድ ጫፍ በኩል ደግሞ ይህን ሁሉ ሰንጥቆ ከታች ወደ ላይ የወጣ፣ እንደ አጥር ቀጥ ያለ ሌላ ዓለት አለ። የቀለጠ ዓለት ስንጥቅ አግኝቶ ሲገባበት እዚያው ውስጥ ቀዝቅዞ የቀረ ነው።

ካባውን የሚያዝዘው አስር አለቃ ቀዩን ንጣፍ ይወደው ነበር። ለመቆፈር አያስቸግርም፤ መንገድ ላይ ሲለብስም ደህና ይረጋል። ስለዚህ ገደሉን ከሥሩ ወደ ውስጥ ያስቦረቡረን ጀመር። ከላያችን ያ ሁሉ ድንጋይ ተንጠልጥሏል። ክረምቱ ሲገባ ውሃው በላይኛው ዓለት ስንጥቅ እየወረደ፣ ቀዩ ጭቃ ላይ ሲደርስ መተላለፊያ አጥቶ ከመገናኛው ይንዠቀዠቅ ጀመር። ያን ባየሁ ጊዜ አስር አለቃው ዘንድ ሄድኩ። ይህን ከሥር መቦርቦራችንን ካልተውን ላይኛው ይወርድብናል፣ ውሃው ቀዩን እያለሰለሰው ነው አልኩት።

"ታስፈራራኛለህ?" አለኝ።

ማስፈራራቴ አይደለም ልለው አፌን ስከፍት በሰደፍ መታኝ። የፊት ጥርሶቼ ምላሴ ላይ ወደቁ። ከዚያ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ይህ ገደል የወረደ ቀን ማን እንዳወረደው አውቃለሁ አለ። አያ ደሜን በጋቢው ጠረገልኝ። አስር አለቃው አይቶ እሱንም በጀርባው መታው፤ ሁለታችንንም ወደ ቀዩ ንጣፍ መለሰን።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ወረደ። መጀመሪያ የሰማሁት ጠጠር ሲንሿሿ ነው። ቀና ስል የቀዩ ንጣፍ ሆድ ወደ ውጭ ተነፍቶ አየሁ፤ ከላዩ ያለው ጥቁር ግድግዳ ሰከረ። ሽሹ ብዬ ጮህኩና ሮጥኩ። ከኋላዬ የመጣው ነገር ድምፅ አልነበረም፤ ምድር ከእግሬ ሥር ተነስታ ወረወረችኝ። ከዚያ አቧራ ብቻ። ስነሳ ሰው ይጮሃል፤ ከየት እንደሆነ አይታይም። እግሬ ሥር አንድ እጅ ነበር፤ ባለቤቱ ከድንጋዩ ሥር ነው።

ከእስረኞቹ ጥቂቶቹ አቧራውን ተገን አድርገው ወደ ሊማሊሞ ቁልቁል ሮጡ። ከላይ የቆሙት ጠባቂዎች ተኮሱባቸው። አንዱ እየተንከባለለ ገደል ሲገባ አየሁ። የቀሩት መንገዱ ላይ ተዘረሩ።

አያን አገኘሁት። ከወገቡ በታች አንድ ትልቅ ድንጋይ ተኝቶበታል። ፊቱ ንጹሕ ነበር፤ አቧራ ብቻ። በብብቱ ገብቼ ስጎትተው አልጮኸም፤ ምንም አልተንቀሳቀሰም። ከሱ ራቅ ብሎ አስር አለቃው ክንዱ በድንጋይ ተይዞ ይወራጫል። የሱ ድንጋይ ያን ያህል አይደለም። እናቱን ይጣራል።

"ተወኝ" አለኝ አያ። "እኔ ከወገቤ በታች የለሁም። ያ ይወጣል። እሱን ሂድና ጎትት።"

አልሄድም አልኩት። ጥርሴን የሰበረ ሰው ነው፤ እሱን ለማውጣት ወንድሜን ጥዬ አልሄድም።

"ሂድ እንጂ፤ ከላይ ያለው ሊመጣ ነው። ሂድ!" አለና በሁለት እጁ ደረቴን ገፋኝ። የቀረው ጉልበት ሁሉ እጁ ላይ ነበር።

ድጅኖ አንስቼ ሄድኩ። ድንጋዩን ከአስር አለቃው ክንድ ላይ ፈነቀልኩት፤ ክንዱ ቆዳው ተገፎ አጥንቱ ወጥቶ ነበር። በቀበቶው ይዤ ጎትቼ ሜዳ ላይ ጣልኩት። ወዲያው ከላይ የቀረው ግድግዳ መጣ። ዞር ስል አያ የነበረበት ቦታ አልነበረም። በቦታው ከቤት የሚበልጥ ጥቁር ድንጋይ ተቀምጧል፤ አዲስ የተሰበረበት ፊቱ ያበራል።

ያንኑ ቀን ከሰዓት ለብቻዬ አሰሩኝ። አስር አለቃው ቃሬዛ ላይ ተኝቶ፣ ትናንት ይወርዳል አለ፣ ዛሬ ወረደ፣ ያወረደው እሱ ነው ብሎ ለሻምበሉ ተናገረ። ጎትቼ ያወጣሁት እኔ መሆኔን አልካደም። ይህንንም ተናግሯል አሉ። ለሻምበሉ ግን ሁለተኛው ነገር የመጀመሪያውን አላጠፋለትም።

ደባርቅ፣ የጦሩ ግቢ ውስጥ ከግንድ ጋር ታስሬ ሳለሁ የአያ ሚስት ከጃናሞራ ስንቅ ይዛ መጣች። እንደ ወትሮዋ በሩ ላይ ቆማ ስሙን ጠራች። ጠባቂው ስንቁን ተቀበላትና ሌላ ቦታ ተዛውሯል አላት። ወዴት ስትለው ዝም አለ። ዝምታው ነገራት መሰለኝ፣ ነጠላዋን ወደ ወገቧ ስታወርድና ደረቷን ልትመታ እጇን ስታነሳ አየሁ። ጠባቂው ለአድኃሪ ማልቀስ ክልክል ነው አለና በጠመንጃው ማንገቻ ፊቷን ገረፋት። እጇን ዝቅ አደረገች። አንድ ድምፅ ከጉሮሮዋ ሊወጣ ሲል ዋጠችው። ስንቁ ጠባቂው እጅ ላይ እንደቀረ ተመልሳ ሄደች።

ለጥያቄ ሲያቀርቡኝ ሻምበሉ፣ የፖለቲካ ካድሬውና አንድ ሌላ መኮንን ተቀምጠው ነበር። አሻጥር መሥራቴን አምኜ እንድፈርም ነገሩኝ። ገደሉን ያወረደው እኔ አለመሆኔን ላስረዳ አልኩ፤ ከካባው ጥቂት ድንጋይና አፈር፣ በኩባያም ውሃ ይምጣልኝ አልኩ። ሻምበሉ ለመሳቅ ያህል ፈቀደ።

ሁለት ጥቁር ድንጋዮችን አጋጨሁ። እንደ ብረት ጮሁ። ቡናማውን ስመታው ድምፁ ታፈነ። ሁለቱ አንድ ዓለት ነበሩ፣ አንዱ ግን በስብሷል አልኩ። ድንጋይ ከማዕድናት የተሠራ ነው፤ በዚህ በጥቁሩ ውስጥ አረንጓዴ ጥቃቅን ቅንጣት አለ፤ ጥቁር አለ፤ ነጭ ቀጫጭንም አለ። አረንጓዴው ዓለቱ ሲቀዘቅዝ ቀድሞ የተወለደ ነው። ከሁሉ ይልቅ እሳት የለመደ ስለሆነ ዝናብና ብርድ አይስማማውም፤ ቀድሞ የሚበሰብሰውም እሱ ነው። ብረት ስላለበት ይዝጋል፤ አፈሩን የሚያቀላው ያ ዝገት ነው። ነጩ ደግሞ ወደ ጭቃ ይለወጣል። ጭቃ መሆኑን ማወቅ ከፈለጋችሁ ምላሳችሁ ላይ አድርጉት፣ ይጣበቃል አልኩ።

ሻምበሉ አንዱን ጠባቂ አዘዘው። ጠባቂው ቀዩን አፈር ላሰና ይጣበቃል አለ። የቀረውን ኩባያው ውስጥ ጨመርኩት፤ ለስልሶ ፈረሰ። ይህ ሲርስ እንደዚህ ይሆናል፣ ያ ሁሉ ድንጋይ የቆመው በዚህ ላይ ነበር፣ እኛም ከሥሩ ስንቦረቡር ነበር አልኳቸው።

ካድሬው ነገሩ ደስ አለው። ይኸው የመጠን ለውጥ ወደ ዓይነት ለውጥ ሲሸጋገር ብሎ ከርዕዮተ ዓለም ትምህርቱ ለሻምበሉ ረጅም ንግግር ጀመረ። ሻምበሉ አልሰማውም፤ እኔን ነበር የሚያየኝ።

"እንግዲህ የሚወርደውንና የማይወርደውን ለይተህ ታውቃለህ ማለት ነው?"

"አዎ፣ ጓድ ሻምበል።"

"መልካም። የቀረውን ገደል በድማሚት እናወርዳለን። አንተ የማይወርደው ሥር ትቆማለህ።"

በማግስቱ ካባ ወሰዱኝ። እስረኞቹ ማዶ ተደርድረው እንዲያዩ ተደረገ። ድማሚት የሚያፈነዳው ሰውዬ ቀዳዳዎቹን ሞልቶ ጨርሷል። ሻምበሉ መዶሻዬን መለሰልኝና ቦታህን ምረጥ አለኝ።

ያን እንደ አጥር ቀጥ ብሎ የቆመውን ዓለት ገና ሲነግረኝ መርጬው ነበር። በቀዩ ንጣፍ ላይ አልተቀመጠም፤ ሥሩ ከታች ከምድር ውስጥ ነው የመጣው። አጠገቡ ደርሼ በመዶሻው መታሁት፤ ጮኸ። ከፍ አድርጌ መታሁት፤ ጮኸ። ራሴን ላስደግፍ ካሰብኩበት ቦታ በላይ ስመታው ግን ድምፁ ታፈነ። ጣቴን ስከትበት ስንጥቅ አለ፤ ስንጥቁ ውስጥ ቡናማ ጭቃ። ውሃ እዚህም ገብቷል። ከማዶ ሻምበሉ ጨርስ አለኝ። ወደ ግራ ሄድኩ፤ እየመታሁ ሄድኩ፤ ከላይም ከታችም አንድ ዓይነት ድምፅ የሚሰጥ፣ ከትከሻዬ ብዙም የማይሰፋ ቦታ አገኘሁ። ጀርባዬን አስደግፌ ቆምኩ። ከተንቀሳቀስክ እንተኩሳለን አሉኝ።

ክሩ ሲያያዝ ጭሱን አየሁት። ለመጸለይ ብሞክር የአባታችን ሆይ መጀመሪያ ጠፋኝ። ሱሪዬ ረጠበ። ከዚያ ፈነዳ።

ገደሉ በቀኜም በግራዬም ወረደ። ያ የታፈነ ድምፅ የሰጠኝ ቦታ ተገንጥሎ ቀድሞ ልቆምበት የነበረውን ስፍራ ደፈነው። አንድ ስባሪ የግራ ጆሮዬን ጫፍ ይዞ ሄደ፤ ሌላው ትከሻዬን መታኝ፤ አጥንቱ ሲሰበር ድምፁን በጆሮዬ ሳይሆን በጥርሴ ሰማሁት። አፌና አፍንጫዬ አቧራ ሞላ። ጀርባዬ ላይ ያለው ዓለት ተንቀጠቀጠ እንጂ አልተናደም። አቧራው ሲገለጥ ማዶ ያሉት እስረኞች እያለቀሱ አየኋቸው። ሻምበሉ ሲጋራ እያቀጣጠለ ነበር። እውነትህን ነው አለኝና ጂፑ ውስጥ ገባ። እኔ ደስታ አልተሰማኝም። መዶሻው እጄ ላይ ነበረ፤ ሻምበሉ ቅርብ ቢሆን ኖሮ አናቱን እለው ነበር። ትከሻዬ ስለተሰበረ ክንዴ አይነሳም ነበር፤ አሳቤ ግን እሱ ነበር።

ከዚያ በኋላ የት እንደሚቆፈርና የት እንደማይቆፈር የምናገረው እኔ ሆንኩ። ሻምበሉ ኢንጂነሩ ይለኝ ጀመር። ከዚያ ወዲያ ካባው ላይ ዓለት የገደለው ሰው አልነበረም። ጥይት የገደለው ግን ብዙ ነው። ከሥራ ስንመለስ ስም ይጠራል፤ የተጠራው ብርድ ልብሱን ትቶ ይወጣል፤ ጠዋት ብርድ ልብሱን ሌላ ሰው ይለብሰዋል። ከገደል ያተረፍኩትን ሰው ከዚያ ማትረፍ አልችልም ነበር።

አስር አለቃው ክንዱ እንደ ደረቀ ቅርንጫፍ ተንጠልጥሎ ተመለሰ። አላመሰገነኝም፤ ይቅርታም አላለኝም። ግን ካባው ላይ ስንወጣ ሁልጊዜ እኔ የምቆምበት አጠገብ ነበር የሚቆመው። አንድ ቀን ብቻ፣ ያ ገበሬ እኔን እንድታወጣ ሂድ ያለህ እውነት ነው ወይ አለኝ። አዎ አልኩት። አጠገቤ ቁጭ አለ። በኋላ በዚያው ክንዱ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ላኩት፤ ምን እንደሆነ አልሰማሁም።

ሻምበሉን ራሱን አንድ ጠዋት ከጎንደር የመጡ ሰዎች እጁን አስረው ወሰዱት። በቦታው የመጣው መኮንን በክሳችን ማስረጃ ያልተገኘብንን አጣርቶ ለቀቀን። ዳባት ስገባ እናቴ ማን እንደሆንኩ ለማወቅ ጥቂት ጊዜ ወሰደባት። አባቴ ከዚያ የሰደፍ ምት በኋላ ትንፋሹ አልተመለሰም፤ ተቀምጦ ነበር የሚተኛው። ከዓመት በላይ አልቆየልኝም።

ትከሻዬ ሲጠገን ከጨው ነጋዴዎች ጋር ጃናሞራ ወጣሁ። የአያን ቤት ጠይቄ አገኘሁት። ሚስቱ ከል ለብሳ ነበር። አስከሬን ባይኖርም ካህኑ ፍትሐት አድርሰውለታል። ልጆቹ በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል፤ የባሏ ታላቅ ወንድም አጠገቧ ተቀምጠዋል። ምንም ሳልሸሽግ ነገርኳት። መንገዱ አሁን በላዩ እንደሚያልፍ፣ ድንጋዩን የሚያነሳ ማንም እንደሌለ፣ ሲሞት ምን እንዳለ።

አስር አለቃውን እንዳወጣ ማዘዙን ስነግራት አቋረጠችኝ።

"ወታደሩ ልጆች ነበሩት?"

"አላውቅም፣ እቴ።"

"እሱም አያውቅም ነበር። የራሱን ልጆች ግን ያውቃል።"

ተነስታ መጣችና ደረቴን በቡጢ መታችኝ። ደግማ መታችኝ። የተጠገነው ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ ዓይኔ ጨለመ፤ ግን አልሸሸሁም። የባሏ ወንድም ሊይዟት ሲነሱ ይተዋት አልኳቸው። ደባርቅ በር ላይ የዋጠችው ድምፅ ያን ጊዜ ወጣ። ጎረቤት ሰምቶ መጣ፤ ቤቱ ሞላ፤ ሴቶቹ ከሷ ጋር አለቀሱ። እኔም ከታሰርኩ ጀምሮ ያላለቀስኩትን አለቀስኩ።

ሲመሽ ጠላ አቀረበችልኝ። እጇ አብጦ ነበር። መሄጃዬን ጠየቀችኝ፤ ብርድ ስለሆነ እዚሁ እደር አለችኝ። ስሰናበታት ተዝካሩን ልታወጣ እንዳሰበች፣ ከመጣሁ ከቤተ ዘመድ ጋር እንደምቀመጥ ነገረችኝ።

ለተዝካሩ ሄጄ ነበር። ያለችውም ቦታ አስቀመጠችኝ። ያን ቀን ስለ አሟሟቱ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሰዎቹ ስለ እርሻው ያወሩ ነበር፤ ማን እንደሚያርስላት፣ በየትኛው ማሳ ገብስ እንደሚዘራ። ታላቅ ወንድሙ ቀዩን ማሳ ዘንድሮ ሳይዘሩ ማሳደር ይሻላል አሉ፤ እሷ አይሆንም፣ ይዘራል አለች።